የባቄላው ዳባሬ

ውድ እህቴ ሰሚያ፣

ሰላምታውን ዝለዪውና መጀመሪያ ፌስታሉን ክፈቺ። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ያለው የእማዬ ባቄላ ሥር ነው። የአውቶቡሱ ሹፌር ለሚ «ምንድነው ይሄ?» ሲለኝ «የእህቴ ጥሎሽ» አልኩት፤ አመነኝ። ሰው እኔን የሚያምነኝ ስዋሽ ብቻ ነው።

ሰሞኑን ያደከመኝም ይኸው ነው። ደውለሽ «ላብራቶሪ የመረመርኩት ባቄላ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዝ ተገኝቷል፣ እማዬ እንዳትበላው፣ አንተ ንገራት፣ አንተን ትሰማለች» አልሽኝ። አይ ሰሚያ! ይህን ሁሉ ተምረሽ ይቺን ረሳሽ? እኔ እኮ ለቀልድ የጎረቤታችን የደጀኔ በግ ሞተ ብዬ ሚስቱን ያስለቀስኩ ነኝ፤ በጉ ከኋላዬ ሣር እየጋጠ።

ነገርኳት። ጓሮ እሸት ትለቅም ነበር።

«እማዬ፣ ከጓሯችን በላይ ያለው የመኪና ባትሪ አዳሽ ሲደፋው የኖረው ውሃ አፈራችን ውስጥ ገብቷል። ባቄላው መርዝ አለው።»

«ማል ጄታ? ምን ትላለህ?» አለች ቀና ሳትል። «መርዝ ያለበት ባቄላ እንዲህ ያምራል?»

እንዳስረዳሽኝ አስረዳኋት። ሥሩ ላይ ያሉት እብጠቶች ውስጥ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት እንደሚኖሩ፣ ባቄላውን የሚመግቡት እነሱ እንደሆኑ፣ እርሳሱን ከሆዳቸው የሚያስወጡበት ዘረመል እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ውስጣቸው እንደተቀመጠ፣ ያለው ለሌለው እንደሚያካፍለው።

«ልክ እንደ ዳባሬ» አልኳት። «ላም ለሌለው ዘመድ ወተቷን እየጠጣ ልጆቹን እንዲያሳድግባት እንደምትሰጪው።»

ይሄ ገባት። ለዘመዳችን ለፈርዶሳ ቤት የሰጠቻት ላሟ ቡሬ ትዝ ብላት መሰለኝ፣ ፊቷ በራ። «ማሻአላህ! እነሱ ካሉልን ታዲያ ምን ያስፈራል?»

«ከራሳቸው ሆድ አስወጡት እንጂ ከአፈሩ መች አስወጡት!»

ሳቀች። «የዛሬው ቀልድህስ ደህና ነው፤ ከበጉ ይሻላል» ብላ እሸት ፈልፍላ ልታጎርሰኝ እጇን ዘረጋች።

ማልኩላት፤ ሳቀች። ተቆጣሁ፤ ባሰባት። ጎረቤታችንን ፋናዬን ጠርታ «እስቲ ስሚው» እያለች አስደገመችኝ። እንዴት እንደሚደክም አትጠይቂኝ። ትናንት ለምሳ የዚያኑ ባቄላ ንፍሮ አቀረበች። ሳህኑን አየሁ፣ እጇን አየሁ፤ አንድ ቀልድ እንኳ አልመጣልኝም። ሳህኑን ገፋ አደረግኩት።

«አሞሃል እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ሙህዲን፣ ልጄ፣ ምን ሆነሃል?»

«እንዳትሞቺብኝ ነው» አልኩ።

አልሳቀችም። የያዘችውን እፍኝ ንፍሮ ሳህኑ ላይ መለሰችው። ወደ ጓሮው እያየች፣ «ለዶሮዎቹም አይሰጥ?» አለችኝ።

«አይሰጥም።»

ዛሬ ጠዋት ነቀልነው፤ እሷ እየነቀለች፣ እኔ እየተሸከምኩ። ያ ያማረ ባቄላ! የዘንድሮ ሽሯችን ከገበያ ነው እንግዲህ። ጨርሰን ስናበቃ፣ አዲስ ሥር ላክልኝ ማለትሽን ነገርኳት። ያንቺዎቹ ነፍሳት እዚያ ዩኒቨርሲቲሽ ላብራቶሪ መርዝ የሌለው ምግብ ስታበያቸው ቀለበቱን ጥለውታል አይደል? ከተማ ሲገቡ አገራቸውን እንደሚረሱ ሰዎች። ማንንም ማለቴ አይደለም።

ደህና ደህና እብጠት ያለውን ሥር ራሷ መረጠች። «አፈሩን አታራግፍ» አለችኝ። «ለሰሚያም ንገራት፤ ስጦታ አይደለም፣ ዳባሬ ነው። ወተቱን ትጠጣ፣ ትመረቅበት። መሬቴን የሚያጸዳልኝ ጥጃ ከተወለደ ግን የእኔ ነው፤ እስከ ጓሮዬ ነድታ ታምጣልኝ።»

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፤ ባዶውን መደብ እያየች ነበር።

ስለዚህ ሰሚያ፣ እዚያ ወተቱ ጣፍጦሽ እንዳትቀሪ። ጥጃውን የምትጠብቅ ሴትዮ እዚህ ሮቤ ተቀምጣለች፤ እኔም አጠገቧ ነኝ፣ ለጊዜው ቀልድ ያለቀበት።

ወንድምሽ ሙህዲን