ቀዩን አንሶላ ስለማውረድ

ለክቡር አቶ ሊንደን ሃልቨርሰን
የክፍለ ሀገራችን የጤና ሚኒስትር

ከኮሊን ሆሎቫቲ
ማርል ክሪክ፣ ካናዳ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ የደም ግፊትዎ ልከኛ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ልብዎም ምቱን የጠበቀ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከሙሉ ልቤ እመኛለሁ። ለወግ ያህል የምለው አይምሰልዎ። በእኛ በኩል ሲያልፉ ድንገት አንድ ነገር ቢሰማዎ የት እንደምናደርስዎ ስለማናውቅ፣ የእርስዎ ጤንነት ከማንም ጤንነት በላይ ያሳስበናል።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ከመሥሪያ ቤትዎ የተላከልኝ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ባለፈው ማክሰኞ ደርሶኛል። ሃምሳ አራት ዓመት ስኖር ከመንግሥት በስሜ የሚመጣልኝ የግብር ወረቀት ብቻ ስለነበር ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፣ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለዴል አነበብኩለት፣ ከዚያ ለእህቴ በስልክ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ዴል ሾርባውን መጠጣቱን ሳያቋርጥ "እንግዲህ በመጨረሻ ታወቅሽ" አለኝ። እውነቱን ነው። ስለ ሆስፒታላችን የድንገተኛ ክፍል በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌልዎ አንድም መልስ አላገኘሁም፤ ስለ አንሶላዬ ግን አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልዎ መልሱ በራሱ መጣልኝ። የትኛውን ጉዳይ መቼ ማንሳት እንዳለብኝ አለማወቄ ያሳፍረኛል።

ይህን ደብዳቤ ለአካባቢያችን ጋዜጣም ስለሰጠሁት፣ ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎቹ በአጭሩ ላስረዳ፤ አጭር ነገር እንደማይሆንልኝ የምታውቁኝ ታገሡኝ። ቤታችን ከማርል ክሪክ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። በጓሮዬ ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ ከፍ ያለ ምሰሶ ላይ የተወጠረ ስለሆነ፣ አገሩም ሜዳ ስለሆነ፣ በዋናው መንገድ ከምሥራቅም ከምዕራብም የሚመጣ ሰው ከሩቅ ያየዋል። የድንገተኛ ክፍላችን ከሦስት ዓመት ወዲህ ሐኪምና ነርስ የተገኘ ቀን ይከፈታል፣ ያልተገኘ ቀን ይዘጋል። እኔም ክፍት ሲሆን ነጭ አንሶላ፣ ዝግ ሲሆን ቀይ አንሶላ እሰቅላለሁ። ቀዩን ያየ ሰው ሳይቆም ወደ ከተማው ሆስፒታል ይነዳል፤ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ነገሩ ይኸው ነው። በዕቃ መሸጫው ወረፋ የቆመ ሰው "ዛሬ ኮሊን ምን ሰቀለች?" ይባባላል እንጂ፣ የሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መሥሪያ ቤትዎ አንሶላዬን "ያልተፈቀደ የጤና አገልግሎት ማስታወቂያ" ብሎታል። በሕዝቡ ዘንድ "አላስፈላጊ ስጋት" ስለሚፈጥርም በአሥራ አራት ቀን ውስጥ እንዳወርደው፣ ነዋሪውም መረጃውን ከድረ ገጹ ብቻ እንዲያገኝ ታዝዣለሁ። ትእዛዙን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ሆኖም ከማውረዴ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲያዩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

፩ኛ. "ለጊዜው" የሚለውን ቃል ትርጉም ስላስፋፉልን እናመሰግናለን። በሆስፒታሉ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት "የድንገተኛ ክፍሉ ለጊዜው ተዘግቷል" ይላል። መጀመሪያ የተለጠፈ ጊዜ የእህቴ ልጅ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጇ ዛሬ ባለሦስት እግር ብስክሌት እየነዳ ያንኑ በር ይገጫል። ወረቀቱን ፀሐይ እያነጣው አራት ጊዜ ተለውጧል። ሐኪም ቢጠፋም ወረቀት አንድም ቀን አላለቀባችሁም፤ ይህን ሳልመሰክር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

፪ኛ. ባለፈው ዓመት በመኸር እራታችን ላይ ስለተገኙልን እናመሰግናለን። እንደሚያውቁት አዝመራው ሲገባ አገሩ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ ጥብስ እየበላ ያመሻል። አሁን ተደብቆ ስለማይቀር ልንገርዎና፣ በዚያ ምሽት ልንጮህብዎ ተስማምተን ነበር። እኔ ራሴ የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር። እርስዎ ግን የምግቡ ወረፋ ላይ ከኋላዬ ቆሙና "ይህ ድንች እንዴት ያምራል!" አሉኝ፤ እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ "መረቅ ይጨምሩበት ክቡርነትዎ" አልኩ። ቬርን ቲሰን ወንበር ሳበልዎ። ባለቤቱ ሎርና ከጋገረችው ፓይ ሁለት ቁራጭ አቀረበችልዎ። እርስዎም ተነሥተው "ማርል ክሪክን አንረሳም" አሉ፤ እኛም ቆመን አጨበጨብን። መኪና ውስጥ ገብተን ዴልን "ልንጮህ አልነበር እንዴ?" ብዬ ብጠይቀው "አፌ ሞልቶ ነበር" አለኝ። ጭብጨባውን እንደ ድጋፍ ቆጥረውት ከሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እኛ የምናጨበጭበው ንግግሩ ሲያልቅልን ነው።

፫ኛ. ይህኛው ነጥብ ስለዚያው ስለ ቬርን ነው። ይረዝማል፤ ግድ የለዎትም፣ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ቬርን ጎረቤታችን ነበር። እርሻው ከእኛ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ እዚህ ጎረቤት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ባለፈው ፌብሯሪ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ በደረሰበት ጠዋት፣ ከብቶቹን ሲያበላ ደረቱን ወጋው። ሎርና "አምቡላንስ ልጥራ" ብትለው "ተይ እባክሽ፣ የአምቡላንሱ ልጆች በነፃ ነው የሚያገለግሉት፣ አሁን ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው፣ አታስቸግሪያቸው" አላት። ከብቶቹን አብልቶ ጨረሰ። ከዚያም ጫማውን ቀየረ፤ እበት በነካው ጫማ ሆስፒታል አይገባም ብሎ። የእኛ ሰው ሲታመም እንዲህ ነው፣ ክቡር ሆይ። መጀመሪያ የሚያስበው ማንን እንዳያስቸግር ነው።

እኔ በዚያ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የእርስዎን ድረ ገጽ አይቻለሁ። "ክፍት" ይል ነበር። ያኔ የማምነው እሱን ስለነበር ነጩን አንሶላ ሰቀልኩ፤ ገመዱ ላይ ወዲያው ደርቆ እንደ ጣውላ ቆመ። ሎርና ቬርንን በመኪና ይዛ ስትመጣ ነጩን ከሩቅ አየችውና ከዋናው መንገድ ታጥፋ ገባች። እኔ መስኮቱ አጠገብ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ቬርን ከመኪናው ወርዶ በራሱ እግር ወደ በሩ ሄደ። እጀታውን ሳበው። እንደገና ሳበው። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበና ወደ ሎርና ዞሮ "ዝግ ነው፣ ምንም አይደለም" አላት።

በቤት ጫማዬ በረዶው ላይ ሮጬ ወጣሁ። "ቬርን፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ድረ ገጹ ክፍት ነው ብሎኝ እኮ ነው!" አልኩት።

"አንቺ ምን አጠፋሽ ኮሊን? ይልቅ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል" አለኝ። ከአፉ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ዴል ወዲያው አምቡላንስ ጠራ፤ አምቡላንሱ ግን ከንጋት ጀምሮ ሌላ በሽተኛ ይዞ ከተማ ነበር። ስለዚህ ሎርና ራሷ ነዳች። ስልሳ ኪሎ ሜትር አካባቢ እንደ ሄዱ ቬርን መልስ መስጠት አቆመ። መኪናውን ዳር አስይዛ እጁን ይዛ ተቀመጠች፤ እንዳይበርደው ብላ ሞተሩን አላጠፋችም። የጭነት መኪና ነጂ ደርሶ እስኪያገኛቸው ድረስ እንደዚያው ነበረች።

ከመንገዱ ታጥፈው እስኪመለሱ የባከነውን ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ያተርፈው ነበር ወይ ብዬ የከተማውን ሐኪም ጠይቄው "ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም" ብሎኛል። እኔም አላውቅም። ነጩን የሰቀልኩት እኔ እንደሆንኩ ግን አውቃለሁ። ድረ ገጹ "ዝግ" ተብሎ የታረመው በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ለዕርማቱ እናመሰግናለን።

፬ኛ. ከዚያ ቀን ወዲህ ድረ ገጽ አላይም። በቀን ሦስት ጊዜ መንገዱን ተሻግሬ የበሩን እጀታ በእጄ እሞክረዋለሁ። ከዞረ ነጭ፣ ካልዞረ ቀይ። "ያልተፈቀደ" ያላችሁት መረጃ ምንጩ ይኸው ነው። ባለፈው ሴፕቴምበር ቀዩ አሥራ ዘጠኝ ቀን ውሏል፤ ቀይ ስለምወድ አይደለም፣ እንዲያውም አይስማማኝም። ስጋት ይፈጥራል ለሚለውም፣ ሕዝቡን ያሰጋው የአንሶላው ቀለም መሆኑን ያወቃችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

እንግዲህ ትእዛዝዎን እፈጽማለሁ። ቀዩ አንሶላ ኦክቶበር ሃያ ስምንት ቀን ይወርዳል፣ ነጩም አብሮት። ሰዎች "ገመዱ ባዶ ሲሆን ምን ማለት ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ "ሚኒስቴሩ እያሳወቃችሁ ነው ማለት ነው" ብያቸዋለሁ። ሠራተኛ ከሥራ ሲሰናበት ርክክብ ማድረግ ደንብ ስለሆነ እኔም አድርጌያለሁ። ከደብዳቤዎ ግርጌ "ለተጨማሪ ማብራሪያ" ተብሎ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር በትልልቁ ጽፌ ፖስታ ቤቱ፣ ዕቃ መሸጫው፣ ነዳጅ ማደያውና ሁለቱም ቤተ ክርስቲያኖች ላይ ለጥፌዋለሁ። ላም የሚያልቡት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይደውላሉ። ቀጥለው ወይዘሮ ኤድና ፍሪሰን ይደውላሉ፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚያስቸግራቸው ጮክ ብለው ያነጋግሯቸው። ትናንት "ሚኒስትሩ በስንት ሰዓት ነው የሚነሡት የኔ ልጅ? እንዳልቀሰቅሳቸው" ብለውኛል። ዝግ ነው ካሏቸው ምክንያቱን ይጠይቁዎታል፣ ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ይነግሩዎታል። ሦስት ዓመት እኔ ሰምቼላቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ደስታው የእርስዎ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስልኩን አንሥቶ "ክፍት ነው" የሚል ሰው፣ ያን ከማለቱ በፊት፣ እባክዎ አንድ ሰው በሩ ድረስ ልኮ እጀታውን ያስሞክር።

ውለታዎን እስከ ቀጣዩ ምርጫ ድረስ አጥብቃ የምታስታውስ፣ ባለፈው ዓመት ያጨበጨበችው ጭብጨባ እንዲመለስላት በትሕትና የምታመለክት፣ ከሦስት ዓመት ያልተፈቀደ አገልግሎት በኋላ በክብር የተሰናበተች፣

ታዛዥዎ
ኮሊን ሆሎቫቲ

ሳልረሳው፦ ቬርን ከመሞቱ ወደ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጠየቀው የልብ ሐኪም ቀጠሮ ወረቀት ባለፈው ሐሙስ ደርሶታል። ወረቀቱ "ሳያሳውቁ የቀሩ እንደሆነ ተራዎን ያጣሉ" ይላል። ሎርና ተራው ባክኖ እንዳይቀር ብላ ደውላ "ባለቤቴ አርፏል፣ ቦታውን ለሌላ በሽተኛ ስጡልኝ" አለቻቸው። ስልኩን ያነሣችው ልጅም በጣም በትሕትና "ይቅርታ እመቤቴ፣ ቀጠሮውን መሰረዝ የሚችሉት ታካሚው ራሳቸው ብቻ ናቸው" አለቻት። ቀኑ ኖቬምበር ስድስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ሎርና መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትሩን ነድታ እሷው ልትቀርብለት ወስናለች፤ ሐኪም እየጠበቀ መቅረት ነውር ነው ብላ።