የተለጠፈው ቱቦ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሸዕባን፣

የአላህ ሰላም አንተንም ቤትህንም በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? የሠመራ ሙቀት ጋብ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እማማንም ሳሉ ለቀቃት። ዝናቡ ግን እስካሁን አልወጣልንም።

ትናንት ስትደውል እማማ «መርዋን ሰው አዳነ» ብላ ነግራሃለች። ነገሩ እሷ እንደምታወራው አይደለም። አጠገቤ ስለነበረች በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም።

ሰኞ ዕለት መሬት ፎቶ የምታነሳ ትንሽ አውሮፕላን ሞተሯ ጠፍቶባት የጋሽ ባዬ ዳጉሳ ማሳ ላይ አረፈች። አብራሪው ምንም አልሆነም፤ ግን አንድ እግሯ ተሰብሮ በግራ ክንፏ ጭቃው ላይ ተደፋች። ረቡዕ የሚያነሷት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። አለቃቸው ቤዛዊት የምትባል ኢንጂነር ናት። በዚያ ጭቃ ክሬን ስለማይገባ፣ ክንፍ ሥር ተደርጎ በአየር የሚነፋ፣ እንደ ፍራሽ የተነባበረ ወፍራም ከረጢት ይዘዋል። እየተነፋ ክንፉን ቀስ አድርጎ ያነሳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ጢሞቲዎስ የሚባለው ሠራተኛቸው ከጎኑ ግንድ እየደረደረ ይደግፈዋል።

ኮምፕሬሰራቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶባቸው ኖሮ ጎሚስታ ቤታችን መጡ፤ እኔም የእኛን ኮምፕሬሰር ከነአየር ቱቦው ይዤላቸው ማሳው ድረስ ሄድኩ። ቤዛዊት «ቱቦው ጤነኛ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መሃሉ ላይ የለጠፍኩት ቦታ ነበር። ሰዉ ከቦ ያየኛል፤ አፈርኩና «ጤነኛ ነው» አልኳት።

ክንፉ እስከ ጉልበት ከፍ ብሏል፤ ጢሞቲዎስ በደረቱ ተኝቶ ግማሽ አካሉ ከሥሩ ነው። እኔ የአየሩን መክፈቻ ይዤ ቱቦውን ሳይ የለጠፍኩት ቦታ እንደ እንቁላል አብጧል። እንደምንም «ውጣ፣ ውጣ» ብዬ ጮህኩ። እሱ ተንከባልሎ ሲወጣና ቱቦው ሲፈነዳ አንድ ሆነ። ክንፉ ወርዶ ግንዱ ላይ ጓ አለ፤ እጁ የነበረበት ቦታ ወረቀት አያስገባም።

ሰዉ አቀፈኝ፤ ጋሽ ባዬ ግንባሬን ሳሙኝ። ቤዛዊት ግን የፈነዳውን ቱቦ አንስታ አገላብጣ አየችው። የለጠፍኩበትን ማስቲሽ አይታለች። ቀረብ ብላ «ለጢሞቲዎስ ራስህ ንገረው» አለችኝ።

ሁለት ጊዜ ካረፉበት ሆቴል በር ተመለስኩ። በሦስተኛው ገብቼ፣ የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ጢሞቲዎስ እጁን አየ። «ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ» አለ። እኔም ወጣሁ።

በማግሥቱ ከጫግኒ አዲስ ቱቦ መጣ። ቤዛዊት መክፈቻውን ለሌላ ሰው ስትሰጥ ጢሞቲዎስ «እሱ ይያዝ» አላት። «ለምን?» አለችው። «ዛሬ ከቱቦው ላይ ዓይኑን አይነቅልም» ብሎ ተመልሶ ክንፉ ሥር ገባ። አውሮፕላኗ ተነስታ ባለ ጎማው ጋሪ ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ዛሬ ከጁምዓ መልስ ለእማማ እነግራታለሁ። ለጎረቤት ሁሉ ስላወራች ታፍርብኛለች፤ ቢሆንም እነግራታለሁ።

ለነኢማ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ኢስማኤልን ትምህርቱን ይበርታ በለው፤ ትንሿን ዋሂዳን ጉንጯን ሳምልኝ። ፋጤ «ለዒድ ካልመጣህ አኮርፋለሁ» ትልሃለች። እማማ ዱዓዋ ከአንተ አይለይም።

ታናሽ ወንድምህ መርዋን
ዳንግላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.