ያልተነካ ጣት

ሰኞ

ነርሷ «አስታማሚህ የታለ?» አለችኝ። «ሽንት ቤት ሄዷል» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ «ሆዱን አሞት ነው እንዴ?» አለች። የሌለው አስታማሚዬ እስካሁን እዚያው ነው።

መዝገቡ ላይ «ጆንያ ሲያወርድ ከጭነት መኪና ወደቀ» ተብሏል። እዚህ እውነቱን ልጻፍ፤ ሹፌሩን ላስቅ ብዬ ጆንያው ላይ ስጨፍር ነው የወደቅኩት። ቃሊቲ መጋዘን ያሉት ሁሉ «ስብራት የወጌሻ ነው» አሉ። ወጌሻው እግሬን በቀርከሃ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ስጮህ «እየገጠመ ነው» ይለኛል። በአምስተኛው ቀን ህመሙ ጠፋ። ዳንኩ ብዬ ደስ አለኝ! ሲፈታ የእግሬ ጣቶች ከሰል መስለዋል።

ዶክተሩ ደም ካልደረሰው ይቆረጣል አለ። ሁለት ቀን ይታያል።

ማክሰኞ

የክፍሉን ሰው ስም ስለማላውቅ በጉዳቱ ሰየምኩት። ሞተር። ባጃጅ። ማሽን (ቂሊንጦ ፋብሪካ ሁለት ጣቱን የተወ)። ጎኔ ያሉት ሽማግሌ ግንበኛ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ። ጋሽ ዳምጠው ነው ስማቸው። «አንተስ ማን ልትባል ነው?» አሉኝ። «ጭፈራ» አልኩ። ስፌታቸው እስኪያማቸው ሳቁ።

ምሳ ሰዓት የሁሉም ሳህን ተከፈተ። እኔ ግድግዳ አየሁ።

ሳሪስ አቦ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ጀማል ጋ ደወልኩ። «እግሬ ሊቆረጥ ነው።» «ድንኳኑን ልትከል?» ብሎ እየሳቀ ዘጋው። አልፈርድበትም። ዓምና ራሴን ሞተ አስብዬ የእድር ድንኳን አስተክያለሁ። ከሁሉ በፊት ያለቀሰው ጀማል ነበር።

ረቡዕ

ዶክተሩ ጣቴን በመርፌ እየወጋ «ይሰማሃል?» አለ።

«አዎ!»

«ይሄኛውስ?»

«ኧረ ቀስ በል!»

አንዱም አልተሰማኝም። ጻፈው። ፎገርኩት!

ጋሽ ዳምጠውን አላሳቃቸውም። «እኛን ፎግር ልጄ። ሐኪም ይፎገራል?»

የባለቤታቸው የእትዬ ብርቄ ሽሮ ጣፋጭ ነው። ትንሽ ነው የበላሁት። ይበርደኛል።

ሐሙስ

ትኩሳት። እግሬ ይሸታል። ሞተር አስታማሚውን መስኮት አስከፈተ፤ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ዶክተሩ መጣ። «ጣሪያውን እይ። አሁንስ?»

«ወይኔ!»

ቀና ብዬ ሳይ ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

«አልነካሁህም» አለኝ።

ማንም አልሳቀም።

ቁስሉ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ውሸቴ አንድ ቀን በልቶብናል አለ። «ጉልበቴስ?» አልኩ። ዛሬ ከፈረምኩ የሚቆረጠው ከጉልበት በታች ይሆናል፤ ለነገ ቃል አይገባም። ፈረምኩ። ስሜን ስጽፍ አንድ ፊደል ዘለልኩ። እትዬ ብርቄ ሸሚዜን ይዘው እስከ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ከአልጋው ጎን ሄዱ። «እናት አለህ?» አሉኝ። የለችኝም።

ቅዳሜ

ዓርብ የት እንደገባ አላውቅም።

ጉልበቴ አለ። ዳበስኩት። ከሱ በታች ብርድ ልብሱ ተኝቷል።

ጀማል ጋ ደወልኩ። ላወራ ስል ለቅሶ ቀደመኝ።

«ማልልኝ» አለ።

«በእናቴ አፈር።»

«በሷ ስንቴ ምለሃል? ስልኩን ለሌላ ሰው ስጥ።»

ለጋሽ ዳምጠው ሰጠሁ። «አዎ ልጄ፣ ከጉልበቱ በታች» አሉት። ከዚያ ብዙ አዳመጡት። ስልኩን ሲመልሱልኝ ጀማል «የስንት ቁጥር አልጋ?» አለ። «አስራ አንድ።» «መጣሁ።»

ይሄ በአምስት ሰዓት ነው። አሁን ስምንት ተኩል ሆኗል። መጠየቂያው ዘጠኝ ላይ ያበቃል። ታክሲ አጥቶ ነው። ወይ ሱቁን የሚይዝለት ጠፍቶ። ወይ ደግሞ እሱም እየፎገረኝ ነው። ቢፎግረኝም እውነት አለው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ፀጉሬን አስተካክላለሁ።