በብብቴ ሥር ያለው ስፌት

ውድ አክስቴ፣

ልጅሽ ትናንት ደውላልኝ ነበር። እንደ ልማዷ ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ የቤት ኪራዬን ሁሉ አንድ በአንድ ከጠየቀች በኋላ፣ "የእማዬን የስፌት መኪና ቅዳሜ ሊወስዱልን ነው" አለችኝ። ለሴቶች ማሠልጠኛ ሰጥታዋለች። "አቧራ ከሚጠጣ ሰው ይማርበት፤ እሷ እንደሆነ ከእንግዲህ አይታ አትሰፋበትም።" እኔም "ጥሩ አድርገሻል" አልኳት። ይህ አፌ ለመናገር ሲፈለግ ይተሳሰራል፣ ዝም ማለት ሲገባው ደግሞ "ጥሩ አድርገሻል" ይላል።

ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ለቅዳሜ አራት ቀን ቀርቷል። ስለዚህ ዳር ዳር ሳልል ከራሱ ልጀምር። በቁንጅና ውድድሩ ቀን ክሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ታውቂያለሽ፤ እንደምታውቂ እኔም አውቃለሁ። ግን ይኸው ስድስት ዓመት፣ አንድም ቀን ከአፌ አልሰማሽውም።

ያ ዓመት ውድድሩ ደንቡን የለወጠበት ዓመት ነበር። በመጨረሻው ዙር እያንዳንዷ ተወዳዳሪ እዚሁ በበቀለ ጥጥ የተሠራ፣ በእጅ የተሸመነ፣ በዕፅዋት የተቀለመ ልብስ ለብሳ እንድትወጣ ታዘዘ። አካባቢን የሚበክል ነገር፣ የፕላስቲክ ቁልፍም ሆነ ናይለን ክር፣ ዝር እንዳይል። ሌሎቹ ልጆች ስም ወዳላቸው ዲዛይነሮች ሮጡ፤ እኔ አንቺ ጋ መጣሁ። እውነቱን ልንገርሽና፣ ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ ነው የመጣሁት። አንቺ ግን የደንቡን ወረቀት ሁለቴ አንብበሽ፣ "ቀጮ፣ እነዚህ ሰዎች እኔን አስበው ነው እንዴ የጻፉት?" ብለሽ ሳቅሽ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ በዚያች የስፌት ክፍል ውስጥ ስታሳድጊኝ እንደዚያ ቀን ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከየምግብ ቤቱ የሽንኩርት ልጣጭ በጆንያ ተሸከምን። በትልቁ ድስት ስትቀቅይው ሽታው ደረጃውን ወርዶ መንገድ ላይ ይወጣ ነበር። አከራይሽ በሩን አንኳኩተው "እመቤት፣ ምግብ ቤት ልትከፍቺ ነው?" ሲሉሽ፣ "የለም፣ ቆንጆ እየቀቀልኩ ነው" አልሻቸው። ሰውዬው ሳይገባቸው "ይቅናሽ" ብለው ሄዱ። ጨርቁ ከድስቱ ሲወጣ በስሎ የወደቀ ብርቱካን ይመስል ነበር። ክሩንም ራስሽ ፈትለሽ እዚያው ድስት ውስጥ ነከርሽው። ቁልፎቹን ጎረቤትሽ አናጢው ከተረፈ እንጨት ጠረባቸው። ሁሉም ነገር ደንቡ እንዳለው ነበር፤ ቀሚሱ ላይ አንዲት የሚነቀፍ ነገር አልነበረችም።

ከዚያ ልምምዱ መጣ። ደረጃውን ስወጣ እጄን ከፍ አድርጌ ሰላምታ ልስጥ ስል ብብቴ ሥር ያለው ስፌት ብጥስ አለ። ሁለት ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ ናት፤ ከዚያ አትበልጥም። ከኋላዬ ያለችው ልጅ ግን "ይኸው የአገር ውስጥ ምርት!" አለችና ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውስጤ ግን እርር ብሏል። ቤት መጥቼ ስነግርሽ አልተቆጣሽም፤ ቀሚሱን ገልብጠሽ አየሽና "ጥፋቱ የክሩ አይደለም፣ የኔ ነው። እዚህ ጋ ነጠላ ሰፍቼዋለሁ። ድርብ ላድርገው፣ ከዚያ በኋላ በሬ ቢስበው አይበጠስም" አልሽ። ድርብ አድርገሽ ሰፋሽው። እኔም አመሰገንኩሽ።

ግን አላመንኩሽም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ፣ አክስቴ። አንቺ አርባ ዓመት መርፌ የያዝሽ ሰው፣ አይበጠስም እያልሽኝ፣ እኔ ያቺ ልጅ ያለችውን አመንኩ።

በውድድሩ ቀን ጠዋት አንቺ ልትታጠቢ ገባሽ። የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። መሳቢያሽን ከፍቼ ለቦርሳና ለድንኳን መስፊያ የምታስቀምጪውን ናይለን ክር አወጣሁ። ከቀሚሱ ቀለም ጋር ይቀራረባል። ድርቡን ስፌትሽን ፈትቼ፣ መኪናሽ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከብብቴ ወደ ወገቤ አንድ ስንዝር ያህል ቶሎ ቶሎ ሰፋሁት። መስፋት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽና ስፌቱ ቁርጥ ያንቺን ነበር የሚመስለው። ከመታጠቢያው ስትወጪ ቀሚሱ መስቀያው ላይ ነበር፣ እኔም ጥፍሬን እየቀባሁ ነበር። እያፏጨሁ ጭምር፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አዳራሹ ጀርባ ያለውን ኮሪደር ታስታውሽዋለሽ። ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ልብሱን የሠሩት ሰዎች በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላ ወገን ተሰልፈን። ያቺ የሽመና መምህርት የነበረች ወፍራም ሴትዮ ከያንዳንዷ ልብስ ክር በመርፌ እየመዘዘች በላይተር ታቃጥል ነበር። ጥጥ ከሆነ ቦግ ብሎ ነድዶ አመድ ይሆናል። ናይለን ከሆነ ይቀልጥና እንደ ጥቁር ጤፍ ፍሬ ጠንክሮ ይቀራል። ይህን ፈተና እኔ አላውቀውም ነበር ብል ውሸት ነው፤ ልጅ ሆኜ አንቺ ገበያ ውስጥ ነጋዴዎቹን በክብሪት ስታጋልጪያቸው ስንቴ አይቻለሁ። ብቻ ከዚያ ሁሉ ስፌት መካከል ብብቴን ይመርጣሉ ብዬ አላሰብኩም። ሴትዮዋ ግን "እጅሽን አንሺ" አለችኝ።

ክሩ አልነደደም። ተጠቀለለ፣ ጠቆረ፣ ተንጠባጠበ። የፕላስቲክ ሽታው እስከ በሩ ሄደ። "ይህ ናይለን ነው" አለች ሴትዮዋ፣ "ማነው ያስገባው? ተወዳዳሪዋ ናት ወይስ ሰፊዋ?" ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተወዳዳሪዋ አውቃ ካጭበረበረች ትባረራለች፤ ሰፊዋ ተሳስታ ከሆነ የሰፊዋ ስም ከመድረክ ይሰረዝና ልጅቷ ልብስ ቀይራ ትቀጥላለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንቺ ከሰልፉ ወጥተሽ መጣሽ። እጅሽን ብብቴ ሥር አስገብተሽ ስፌቱን ዳሰስሽው፣ ቀና ብለሽም አየሽኝ። አንዴ ነው ያየሽኝ፣ ዓይንሽ ንዴት የለውም። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረሽ፣ "የኔ ጥፋት ነው። ዓይኔ እየደከመ መጥቷል፤ ክሩ ተምታቶብኝ ነው" አልሽ። መቶ ሰው በሰማበት። የገበያ ነጋዴ ሁሉ የሚፈራውን ዓይንሽን ደከመ አልሽ።

እኔም ሌላ ልብስ አውሰውኝ ወጣሁ፣ ሦስተኛም ሆንኩ። የልብስ ሠሪዎቹን ስም ሲጠሩ ያንቺን ዘለሉት፤ አንቺ ኋላ ወንበር ላይ ሆነሽ ታጨበጭቢ ነበር። የቁንጅና ዘመኔ ስምንት ወርም አልሞላው። ይኸው ዛሬ ሆቴል በር ላይ ቆሜ "እንኳን ደህና መጡ" ስል እውላለሁ፤ ማንም ቀና ብሎ አያየኝም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በስድስት ዓመት ይረሳ ነበር። ግን ልጅሽ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። መምህርት ናት፣ የሰማችውን አትረሳም። በሳምንቱ ከጭንቀት የተነሳ እህል ውሃ የማይላት ሆና መጣች። "በቃ እማዬ፣ መቀስ በጅሽ አይገባም። አንድ ቀን ጣትሽን ትቆርጪዋለሽ።" አንቺም "ኧረ ምን ሆኛለሁ! ያን ቀን ብቻ ነው" አልሽ። "ራስሽ አይደለሽ እንዴ በሕዝብ ፊት የተናገርሽው?" ስትልሽ ወደኔ አየሽ። ሻይ ይዤ ነበር። አጎንብሼ ብርጭቆዬን አየሁ።

በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ቢወጣኝ ይበቃ ነበር። በወሩ ክፍሉ ለአከራዩ ተመለሰ፣ ጨርቆችሽ ለዘመድ ተከፋፈሉ፣ አንቺም ከስፌት መኪናሽ ጋር ልጅሽ ቤት ገባሽ። ልጅሽን አልወቅሳትም። ፀጉርሽን ታበጥርልሻለች፣ ደረጃውን እጅሽን ይዛ ታወርድሻለች፣ ጋዜጣ ታነብልሻለች። የምታደርገው ሁሉ የፍቅር ነው። እሷ ያመነችው ያንቺን ቃል ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ልጠይቅሽ ስመጣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ሳላንኳኳ ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠሽ የልጅ ልጅሽን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ቁልፍ ትተክያለሽ። ክሩ አለቀብሽና ሌላ ቆረጥሽ፤ መርፌውን ወደ ብርሃኑ አንስተሽ አንዴ ብቻ፣ ሳትስቺ፣ አሾለክሽው። እኔ በሃያ ስድስት ዓመቴ ሦስቴ ሳልስት አላስገባም። ያኔ ኮሪደሩ ላይ የልጅሽ ጫማ ተሰማ፣ አንቺም መርፌውን ፈጥነሽ ትራስ ሥር ደበቅሽው። ሰባ ዓመት የሞላት ሴት፣ ስኳር ስትሰርቅ እንደ ተያዘች ልጅ።

ልጅሽ ገብታ ሸሚዙን አነሳች። "ይህን ማን ሰፋው?" አለች። አንቺ ፈጠን ብለሽ "ቀጮ ናት" አልሽ። ወደኔ ስትዞር፣ እኔም "አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። "አይ ቀጮ፣ እጅሽ የእማዬን እጅ ይመስላል" ብላ አመሰገነችኝ። አየሽልኝ አይደል፣ ያኔ የኔን ጥፋት ወሰድሽ፤ ያን ቀን ደግሞ የእጅሽን ሥራ ሰጠሽኝ። ሁለቱንም ተቀብዬ ሻዬን ጠጥቼ ሄድኩ።

መንገድ ላይ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት፣ ይህንን አታውቂም። በማግሥቱ ደውዬ ለልጅሽ እነግራታለሁ ብዬ ምዬ ነበር። በማግሥቱ ሥራ በዛብኝ፤ በሳምንቱ አመመኝ፤ ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩት። አንቺ አንድ ቀን ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬም ጠብቄ ነበር። አሁን ሲገባኝ፣ አንቺ ከተናገርሽ እኔን አጋልጠሽ ነው የምትናገሪው። ስለዚህ ሥራሽን፣ ቤትሽን፣ መቀስሽን ሰጥተሽ እኔን ደብቀሽ ተቀመጥሽ። እንዲህ አድርጊ ብዬ አልጠየቅሁሽም። አታድርጊም አላልኩሽም።

ትናንት ልጅሽ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት፣ "ለነገሩ አሁን ብሶባታል፤ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የምለየው ትላለች" አለችኝ። ሌሊቱን ይህን ሳብሰለስል አደርኩ። እውነትሽን ነው ወይስ አሁንም ለኔ ብለሽ ነው? ስድስት ዓመት አላይም ስትይ ቆይተሽ በመጨረሻ ዓይንሽም አምኖሽ ከሆነ፣ እኔ ምን ልሁን? እንዲያ ከሆነ መኪናው ቢቀርልሽስ ምን ያደርግልሻል? አላውቅም። የማውቀው ለማወቅ በጣም መዘግየቴን ነው።

ዓርብ ከሰዓት ፈቃድ ወስጃለሁ። መጥቼ የስፌት መኪናው እንዳይወጣ በሩ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ እንደኔ ያለ ቀጫጫ ምን ያግዳል ብለሽ እንዳትስቂ። ለልጅሽም ፊት ለፊቷ እነግራታለሁ። ትጩህብኝ፣ ታባረኝ፣ ካሻት በጥፊ ትበለኝ። አንቺ ግን እባክሽ በመካከላችን አትግቢ። አንዴ ገብተሽ ያደረግሽውን አይተናል።

በሰው የምልከው ይህ ደብዳቤ ከኔ በፊት ይደርሳል። እንደ ወትሮው ልጅሽ ናት ከፍታ የምታነብልሽ። እስከዚህ ካነበበች አሁን ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሳለች፣ አውቃታለሁ። ዓይንሽ በእውነት ሄዶ ከሆነ ወረቀቱ በእጅዋ ይቅር፤ ዓርብ ስመጣ እግርሽ ሥር ተቀምጬ የሆነውን ሁሉ ደግሜ እነግርሻለሁ። አሁንም የምታዪ ከሆነ ግን ለኔ ማዘኑ ይብቃሽ። ወረቀቱን ተቀበያትና ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ጮክ ብለሽ አንቺው አንብቢላት፦

የእናትሽ ዓይን ደህና ነበር፤ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።

ቀጮ