ግድግዳ ነው ስለተባለው በር

ለተከበሩ ወይዘሮ ካንዲስ ራውሊ
የሲልቨር ሄሮን የዕረፍት ክለብ የአባላት ደስታ ክፍል ኃላፊ
ፍሎሪዳ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ የአንድ ቤተሰብ አሥራ አንድ ሰዎችን በሦስት ሕንፃ በትኖ ማሳደር ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነውና ብርታቱንም ይስጣችሁ። እኛ ሚኒሶታ ውስጥ በረዶው መስኮት ላይ ቢደርስም ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ አባላት ሁሉ እንዲያነቡት በግልጽ የጻፍሁት የላኩልኝ ማስጠንቀቂያ ስለደረሰኝ ነው። በማስጠንቀቂያው መሠረት ቤተሰቤ «ሁለት ክፍሎችን ያለ ፈቃድ በማዋሃዱ» የሚቀጥለው ዓመት የዕረፍት ሳምንታችን ታግዷል። እናቴ አግነስ ባለፈው ወር ዘጠና ዓመት ሞልቷታል። በእሷ ዕድሜ «የሚቀጥለው ዓመት» እንዲሁ በዋዛ የሚታገድ ነገር አለመሆኑን እርስዎ ባለሙያ ነዎትና አይስቱትም።

እኔ በዱሉት ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ሶፋና አልጋ የሸጥሁ ነጋዴ ነኝ። የዕለቱን ነገር በማስታወሻ ደብተር መመዝገብ ልማዴ ስለሆነ ከዚህ በታች የማቀርበው ከደብተሬ የተቀዳ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫው ላመሰግን። አባል ልንሆን በመጣን ቀን ሻጫችሁ ያስጎበኘን ቪላውን ነበር፤ ሦስት መኝታ ቤት፣ ሙሉ ወጥ ቤት፣ ስምንት ወንበር ያለው ረጅም ጠረጴዛ። እናቴ ጠረጴዛውን በእጇ ዳሰሰችና አራቱንም ልጆቿን እዚህ እንደምታስቀምጥ ተናገረች። አባቴ ከተቀበረ ወዲህ ባሉት አሥራ አንድ ዓመታት አራታችንም ባንድ ገበታ ቀርበን አናውቅም። የፈረምነውም ለዚያ ጠረጴዛ ብለን ነው። ስቱዲዮ የምትሉትን ባለ አንድ ክፍል ማረፊያ ያየነው በፎቶግራፍ ብቻ ሲሆን፣ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ እንደመረመርሁት ፎቶ አንሺው ግድግዳው ውስጥ ካልገባ በቀር እንዲያ ሰፍቶ ሊታይ አይችልም።

ሁለተኛ፤ ቪላውን ለልደቷ ሳምንት ለመያዝ ከአሥራ ሦስት ወር በፊት ስደውል ምዝገባው ገና እንዳልተከፈተ በትሕትና ተነገረኝ። ልክ አሥራ ሁለት ወር በቀረው ቀን ቢሮው እንደተከፈተ ደወልሁ፤ በአራት ደቂቃ ውስጥ አልቆ ነበር። ደብተሬ ላይ «በአራት ደቂቃ የሚያልቅ ዕቃ እኔ ሱቅ ገብቶ አያውቅም» የሚል ተጽፏል። ሠራተኛዎ በምትኩ ሦስት ስቱዲዮ እንድወስድ መከሩኝ፤ ሲደመሩ ከቪላው እንደሚሰፉም አስረዱኝ። ድምሩ ልክ ነው። እኔም በርጩማ እሸጣለሁ፤ ሦስቱን ደርድሬ አግዳሚ ወንበር ነው ያልሁበት ቀን ግን የለም።

ሦስተኛ፤ ስቱዲዮው «አራት ሰው ያስተኛል» ስለመባሉ። ሁለቱ የሚተኙት በተዘርጊው ሶፋ ላይ ነው። ተዘርጊ ሶፋ ለሠላሳ አንድ ዓመት ስሸጥ ገዢው ራሱ እተኛበታለሁ ያለኝ አንድም ጊዜ የለም፤ ሁልጊዜ የሚገዛው ለእንግዳ ነው። እናንተ እንግዳውን ራሱን አስከፍላችሁ ማስተኛታችሁ እኛ ያልደረስንበት የንግድ ብልሃት ነው።

ቁጥሬን እዚህ ላይ ላቁም፤ የቀረው ታሪክ እንጂ አቤቱታ አይደለም።

ልደቷ ረቡዕ ዋለ። በእናቴ ስቱዲዮ ያለው ጠረጴዛ ሁለት ሳህን ይይዛል፤ ስለዚህ በየተራ እየገባን እንድንበላ ሐሳብ አቀረብሁ። እናቴ መነጽሯን አውልቃ አየችኝና «ግለን፣ ዘጠና ዓመቴን በፈረቃ ነው የማከብረው?» አለችኝ።

ከማቀዝቀዣው አጠገብ ግን አንድ በር ነበር። እንግዳ መቀበያው ዘንድ ወርጄ ጠየቅሁ። የተቀበሉኝ ወጣት ሴት፣ ስቱዲዮውና ወዲያ ማዶ ያለው ሰፊ ክፍል ሲገናኙ ቪላው እንደሚሆኑ፣ እኛ ግን ስቱዲዮ ብቻ ስለያዝን በሩን እንደ ግድግዳ እንድንቆጥረው ነገሩኝ። ይህንንም መዘገብሁ።

እናቴ በርን ግድግዳ ነው ብላ የምትቆጥር ሰው አይደለችም። ስመለስ በማንኪያ ታንኳኳ ነበር። ከወዲያ በኩል የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ማን እንደሆነች ጠየቀ።

«ጎረቤትዎ ነኝ። ዛሬ ልደቴ ነው፤ ሰው አለኝ፣ የማስቀምጥበት የለኝም» አለችው።

«ስንት ናችሁ?»

«አሥራ አንድ።»

«ወንበር ስምንት ነው ያለኝ። የጎደለውን ይዛችሁ ኑ።»

ያኔ ነው የተረዳሁት፤ በሩ ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ሁለት በሮች ናቸው፤ እያንዳንዱም መቀርቀሪያው ከገዛ ራሱ ወገን ብቻ ነው። እሱ የራሱን ከፈተ፣ እኛ የራሳችንን ከፈትን። ፈቃዱ የተጠየቀውም ያለቀውም በዚሁ ነው።

ሰውዬው ሚስተር ፔርሲ ቲቦዶ ይባላሉ፤ ከሉዊዚያና የመጡ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር ሰፊውን ክፍል የያዙት ለልጅ ልጆቻቸው ነበር። ባለቤታቸው በመከር ወቅት አረፉ፤ የልጅ ልጆቹም አልመጡም። ለብቻቸው ሰፍቷቸው ወደ ስቱዲዮ እንዲዛወሩ ቢሯችሁን ቢለምኑ፣ ስቱዲዮ አልቋል ተብለዋል፤ ሦስቱን የያዝናቸው እኛ ነንና። ባለቤታቸው ያስለመዷቸው ልክ አልለቅ ስላላቸው ትልቁን ድስት ጥደው፣ ጋምቦ የሚሉትን የሽሪምፕና የባሚያ ወጥ ለስምንት ሰው ሠርተው ብቻቸውን ይበሉ ነበር።

እናቴ በጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጠች። ብዙም አልበላች፤ አንዱን ጎን አየች፣ ሌላውን ጎን አየች፣ ከዚያ ስልሳ አራት ዓመት የሞላውን ወንድሜን «ዱዌይን፣ ክርንህን ከጠረጴዛው ላይ አንሳ» አለችው። አነሳ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ይህንኑ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ክብርት ሆይ፣ እንግዲህ ወደ ማስጠንቀቂያዎ ልመለስ። ነጋዴ ነኝና ዘጠና አራት ገጽ ያለውን ውላችሁን አንብቤዋለሁ። አንቀጽ አርባ አንድ፣ በክፍሎች መካከል ያለ በር ለእሳት አደጋ ሲባል «ከየወገኑ በሚያርፈው አባል ፈቃድ ይከፈታል» ይላል። በወገናችን ያረፍን አባላት ፈቅደናል፤ ሚስተር ቲቦዶም ፈቅደው ከዚህ ጋር በተያያዘው ወረቀት ፈርመዋል። እሳት እንዲነሳ ግን መጠበቅ ነበረባችሁ ካሉን ጉድለታችንን እናምናለን።

ስለሆነም እገዳው ተነሥቶ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሳምንትና ያንኑ በር እንድታስቀሩልን እጠይቃለሁ። ሚስተር ቲቦዶ ስቱዲዮውን፣ እኛ ሰፊውን እንይዛለን፤ ድስቱ ግን የእሳቸው ነው። ቪላ የለም ብላችሁ አትጨነቁ፤ እናንተ ግማሹንና ግማሹን ስጡን፣ ማገጣጠሙን ለምደነዋል።

ሁለት በሮች አጋጥማችሁ መቀርቀሪያውን ለእንግዳው ስለተዋችሁ፣ ምናልባትም ሳታስቡት፣ ከልብ እያመሰገንሁ፣

ስቱዲዮ ቁጥር 114፣ ለአንድ ቀን ግን የቪላ ባለቤት የነበርሁት
ግለን ሃልቨርሰን፣ የሶፋና የአልጋ ነጋዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የላካችሁትን የአባላት ደስታ መጠይቅ እናቴ በገዛ እጇ ሞልታ ከዚህ ጋር ልካለች። «ከክፍላችን ውስጥ ከሁሉ የወደዱት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠችው መልስ፦ ግድግዳውን።