ለጃፓን ብቻ የተሠራ ዲስክ

ማክሰኞ
እምቢ አለ። ዴኩ ዲስኩን ዋጠው፣ ትንሽ አጉረመረመ፣ «የሪጅን ስህተት» ብሎ መልሶ ተፋው። ሦስቴ ሞከርኩ። እማዬ እንግዳ የሚመጣ ይመስል ነጠላዋን አስተካክላ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

ዲስኩ ውስጥ ሟቹ ወንድሜ ቢንያም አለ። ለጃፓን ፊልም ሠሪዎች ሾፌር ሆኖ ደቡብ ድረስ ወስዷቸው ነበር፤ እሱንም አናግረው ቀርጸውታል። ፊልሙ አገራቸው ሲወጣ አንድ ላኩልን። ስልኩ በሞተበት አደጋ አብሮት ስለጠፋ፣ ድምፁ ሌላ የትም የለም።

የመጣው አምና ነው። ለማየት አቅም አጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ለእማዬ ግን ትናንት ደረሰ አልኳት። አሁን ግላኮማ ቀኝ ዓይኗን ጨርሶታል፤ ሐኪሙ ግራውም ብዙ አይቆይም ብሏል።

ረቡዕ
ከሥራ ቀረሁ። መካኒሳ አቦ፣ ቴሌቪዥን ጠጋኙ ሰለሞን ጋ። ለጃፓን ተብሎ የተቆለፈ ነው፣ እዚህ የሚሸጥ ዴክ አያነበውም አለኝ። ከዚያው የመጣ ዴክ ፈልጊ አለ። ከየት?

ሐሙስ
ተገኘ። ከብሎካችን ሥር ሱቅ ያላቸው ጋሽ ከድር፣ አማቻቸው ከጃፓን ያመጣላቸውን ዴክ ከነካርቶኑ ሰጡኝ። ሰካሁት። የፕላስቲክ ቃጠሎ ሸተተኝ፤ ጠፋ። የጃፓን መብራት መቶ ቮልት ነው አሉ፤ የኛ ሁለት መቶ ሃያ። ማን ነገረኝ? ዲስኩም ውስጡ ቀረ።

ጋሽ ከድር ፊት መቆም አፈርኩ። «ዕቃ ነው፤ እናትሽ እንዴት ናቸው?» ብቻ አሉኝ።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት፤ አምና መምጣቱንም ጭምር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።
«ፖስታውን ስትደብቂው አይቻለሁ» አለች። «ያኔ ዓይኔ ያይ ነበር።»

ዓርብ
ሰለሞን ዴኩን ፈትቶ ዲስኩን አወጣው። አልተጎዳም። የራሱን ኮምፒውተር የጃፓን ዲስክ እንዲያነብ መቀየር ይቻላል አለ፤ ግን የሚፈቅደው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፣ አራቱን ጨርሷል። አምስተኛው ከሄደ እስከ መጨረሻው ጃፓን ላይ ይቀራል፤ የሌላ አገር ዲስክ አያነብለትም። እያሰበ ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። ነገ እናትሽን አምጫቸው አለኝ።

ቅዳሜ
እማዬ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋች። ቢንያም መሪ ይዞ ታየ። «ምን ለብሷል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰማያዊ ሹራብ አልኳት።

አፉን ሲከፍት የሌላ ሰው ድምፅ ወጣ። ጃፓንኛ። በላዩ ላይ ቀድተውበታል። ከሥር የሱ ይሰማል፣ ግን አንድም ቃል አይያዝም።

«ይሄ ልጄ አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

ሰለሞን ቅንብሩን ሁሉ በረበረ፤ ሌላ ድምፅ የለውም። ልንዘጋው ስንል ቢንያም ንግግሩን ጨርሶ ሳቀ። ሳቁን አልሸፈኑትም። እማዬ እጄን ጨመቀች። ሰለሞን ሳይነገረው ወደ ኋላ መለሰው። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ይበቃል ያለችው እሷ ናት።

እሑድ
ቸርች አልሄደችም። ምሳዋንም አልነካችም። ዕቃ ሳጥብ ጠራችኝ።
«ሳቁ የሱ ነው፣ አይደል?»
ነው አልኳት። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ።