ደህናውን እግር ያሰረው ወጌሻ

የሽዋስ፣
የቁስሉ ጨርቅ እየፈላ ነው፤ እሳቱን እይ። ድረስን አትፈልገው፤ ሄዷል።

መጀመሪያ የባላምባራስ አስማማውን እግር ፍታ። ያ እንቅልፍ ካየ የሰነበተው ጎበዝ ጓደኛህ የስብራቱን ሸንበቆ ያሰረው በደህናው እግራቸው ነው!
«አንተ ልጅ፣ ጣሊያን የሰበረው ይኸኛውን ነው» ቢሉት፣ «ከወጌሻ ያውቃሉ?» ብሎ ጮኸባቸው።
ኋላ ሲያየው ቁጭ ብሎ ተንሰቀሰቀ። ጭራሽ ቁስለኛው ወጌሻውን አባበሉት፤ «አይዞህ፣ ይኸም እግር ይጠንክር» እያሉ።

ቁስለኛ በመጣ ቁጥር «ድረስ ይችላል» የሚል ሰው ነበር። ስሙን አልጠራም።

ማሩ ለቁስል ነው፤ አትላሰው።

ድረስ ዲማ ገዳም እንቅልፍ ሊለምን ነው የሄደው። ዛሬም ከጫካ ሌላ ቁስለኛ ይመጣል፤ እሱ ግን እጁን አላመነውም።
አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?
ጓደኛህ፣ ድረስ